የማትስል ረድኤት

ልጁ የሞተችበት ሰው የሚያጽናናው ይፈልጋል። እኔ ግን ልጄ መሞቷን አስረጂ ሆንኩ። በደረጃው ላይ፣ በየበሩ፣ በውሃ ወረፋው ቆሜ "ረድኤት ሞታለች" እላለሁ፤ እነሱ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው "አይዞዎት እማማ ጥሩ፣ ትንሽ ይረፉ" ይሉኛል። ፊደል ስላልቆጠርኩ ሞትንና ሕይወትን የማልለይ ይመስላቸዋል። አራት ልጅ ወልጄ ሦስቱን ገና በጡት ሳሉ በገዛ እጄ ገንዤ ቀብሬያለሁ። ረድኤት የቀረችኝ ነበረች። ሬሳ ምን እንደሚመስል ለእኔ የሚነግረኝ የለም።

የምንኖርበት ፎቅ ድሮ የቦርከና ወንዝ ይወርድበት በነበረው ደረቅ ሸለቆ አፋፍ ላይ ነው። ነዋሪው አብዛኛው ረድኤት ከተወለደች ወዲህ የተተከለው የክር ፋብሪካ ሠራተኛ ነው። አሳንሰሩ ከቆመ ስለቆየ ሁሉም በደረጃ ይወጣል፣ በደረጃ ይወርዳል፤ የምንተያየውም እዚያው ነው። ጣሪያው ላይ ያረጁት ዲሾች ዛሬም ሰማይ ሰማይ እያዩ ተኝተዋል። በአንዱ እኔ በርበሬ አሰጣበታለሁ፤ በሌላው ርግቦች የዝናብ ውሃ ይጠጡበታል።

በዲሹ ዘመን ሰው ጣቢያ ይመርጥ ነበር። ከዚያ የጣቢያ ጥቅል መጣ፤ ኳሱን ብቻ ስትፈልግ የማታውቀውን አገር የምግብ አሠራር አብረው ያሸክሙሃል። ሰው ሰለቸው። በቴሌቪዥን ፋንታ ሳጥኑ የመጣው ይሄኔ ነው። ጣቢያ የለውም፣ ጥቅል የለውም፣ ክፈሉ አይልም። የሚጠይቀው ፊትህንና ድምፅህን ነው። ፊቱ ትቀመጣለህ፣ ስምህን ትናገራለህ፣ ትስቃለህ፣ ትቆጣለህ፣ አለቀ። ከዚያ ለእያንዳንዱ ቤት የራሱን ድራማ ይሠራለታል። ተዋናዮቹ የዚሁ የፎቁ ሰዎች ናቸው። በአንዱ ቤት የታየው በሌላው ቤት አይታይም።

ሰላምታችን ተለወጠ። ጠዋት በደረጃው ስንተላለፍ አንዷ ለሌላዋ "ትላንት በእኛ ቤት ባልሽን ፈታሽው፤ ደግ አደረግሽ" ትላታለች። ያችኛዋ ባሏን ከኋላዋ አስከትላ እየወረደች ነው። ዘበኛችን በብዙ ቤት ሌባ ሆኖ ስለወጣ ሰው ሲያየው ቦርሳውን ጠበቅ ያደርግ ጀመር፤ ቆይቶ ሥራውን ትቶ ሄደ። ምን እንደሰረቀ የሚያውቅ የለም። እኔን ሁልጊዜ አማት ያደርጉኛል፣ ክፉ አማት። ጎረቤቴ ሐያት እንደነገረችኝ በእሷ ቤት ሁለት ምራት መርዣለሁ።

"የእጃቸውን ነው ያገኙት" አልኳት።

ረድኤትን ግን ሁሉም ቤት ይወዳት ነበር። በአንዱ ቤት ሙሽራ፣ በአንዱ ቤት ሐኪም፣ በአንዱ ቤት ጠፍታ የተገኘች እህት ናት። እኔ ቤት ከፋብሪካው የምትመጣው ሌላ ናት፤ ጥጥ ፀጉሯ ላይ ተጣብቆ፣ ጫማዋን በር ላይ አውልቃ፣ እጇን ግድግዳ ላይ ደግፋ ትንፋሿን የምትጠብቅ። መሳቅ ትወዳለች፤ ሳቋ ሁልጊዜ በሳል ያልቃል። ሳቅ ጀምራ ሳቅ ስትጨርስ አይቻት የማውቀው በልጅነቷ ነው።

አንድ ጠዋት ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ እንዳሳረፈች ሞተች። ዓይኗን ከደንኩ፣ አገጯን አሰርኩ፣ ወርጄ ለእንድሪስ ነገርኩት።

እንድሪስ የቅሬያችን ዳኛ ነው። ቅሬ የምንለው የሌላ አገር ሰው እድር የሚለውን ነው። በእኛ ዘንድ ክርስቲያኑም እስላሙም አንድ ቅሬ ነው፤ ማንም ይሙት ማን ድንኳን ይተከላል፣ አግዳሚ ይወጣል፣ ሰው ሥራውን ጥሎ ይመጣል። ድሮ መርዶ ሲኖር እንድሪስ ራሱ ጥሩምባ እየነፋ የሟችን ስም ይጠራ ነበር። ሳጥኑ ከመጣ በኋላ ጥሩምባው ከድስቶቹ ጋር መጋዘን ገባ። እንድሪስ ለሳጥኑ ይነግራል፣ ሳጥኑ ለየቤቱ ይናገራል። ሰው በደንብ እንዲያዳምጥ ተብሎ ሳጥኑ መርዶውን የሚናገረው ቤቱ አብልጦ በሚወደው ሰው ድምፅ ነው።

ፎቁ አብልጦ የሚወደው ድምፅ የማን እንደሆነ ተናግሬያለሁ።

ስለዚህ ልጄ የራሷን መርዶ ራሷ አረዳች። አመሻሹ ላይ በየቤቱ ፊቷን ወደ ሰው አዙራ፣ ረጋ ብላ፣ "ረድኤት ዛሬ ጠዋት አርፋለች፤ ቀብሯ ነገ ነው፤ እንዳትቀሩ" አለቻቸው። ፎቁ በሙሉ የድራማው ሥራ መሰለው። ሐያት ልጆቿን ጠርታ አብረው አለቀሱ። ከዚያ እራት በሉ።

በማግስቱ ሬሳውን ስናወርድ በደረጃው ያገኘነው ሰው ግድግዳ ተጠግቶ አሳለፈን። አንዱ ጎረምሳ "ማነው የሞተው?" አለ።

"ረድኤት" አልኩት።

ፈገግ አለ። በአክብሮት ነው ፈገግ ያለው፤ ባለጌ ልጅ አይደለም።

ቤተክርስቲያኑ ግቢ የደረስነው ቄሱ፣ ጉድጓድ ቆፋሪዎቹ፣ እንድሪስና እኔ ነን። እንድሪስ ከዘራውን ተደግፎ መንገድ መንገዱን ያያል። "ይመጣሉ ጥሩ፣ አብሽሪ" ይለኛል። ቄሱም ጸሎቱን አስረዘሙት። አፈሩ ተመለሰ፣ ድንጋዩ ተደረደረ፣ ማንም አልመጣም። ቤት ስንመለስ ድንኳኑ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ የተቀመጠ ነፋስ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን እንድሪስ ሳይነግረኝ ድንኳኑን አጥፎ ወሰደው። በመስኮት አየሁት። ሰው እንዳያየው ጎንበስ ብሎ ነበር የሚያጥፈው።

በእኛ ወግ ለቅሶ ቤት ራዲዮም ቴሌቪዥንም አይከፈትም። እናቴ በዲሹ ዘመን ቴሌቪዥኑን በጥቁር ጨርቅ ትሸፍነው ነበር። እኔም ሳጥኑን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፣ ፍራሽ መሬት ላይ ጣልኩ፣ ተቀመጥኩ። ሳጥኑ ግድግዳውን ማናገር ጀመረ።

"እማ፣ አዙሪኝ እንጂ። እንዴት ሰነበትሽ?"

በእሷ ድምፅ ነው። ጋቢዬን ጣልኩበት። ከጋቢው ሥርም ሰማሁት።

በሦስተኛው ቀን ሐያት በሳህን ሳምቡሳ ይዛ ገባች። ፋብሪካ ውስጥ ከረድኤት ጋር ጎን ለጎን ነበር የሚቆሙት፤ ምሳቸውን ካንድ ሳህን ነበር የሚበሉት።

"ምነው ቤቱን አጨለሙት፣ እማማ ጥሩ?"

"ለቅሶ ነው።"

"የማን?"

አየኋት። ዓይኗ ውስጥ ክፋት የለም።

"የረድኤት" አልኳት።

ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። "እሱንማ አየን እኮ። ወላሂ እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም። ግን በማግስቱ ተመለሰች፣ አልነገሩዎትም? የተሳሳተ መርዶ ነበር። አሁን ደሴ ሱቅ ከፍታለች።"

"ፋብሪካ አጠገብሽ የምትቆመው ማናት?"

"አንዲት አዲስ ልጅ መጥታለች።"

"ረድኤትስ?"

"ደሴ..." አለችና አቋረጠችው። ምንጣፉን በጣቷ ጫረች። "ጋሽ እንድሪስም እንደ እርስዎ ነው የሚለው። ሰው ግን፣ እነሱ አርጅተዋል ይላል።"

"መቃብሯን ላሳይሽ። ተነሺ እንሂድ።"

"አሁንማ ድራማው ሊጀምር ነው" አለች። ከዚያ እጄን ያዘች። "ይልቅስ እርስዎ ይምጡ። መጥተው ይዩዋት። ብቻዎን በጨለማ ከሚቀመጡ።"

መሄድ አልነበረብኝም። ሄድኩ። እናት ነኝ፣ ልጅሽን ላሳይሽ ሲሏት የማትሄድ እናት አላውቅም።

የሐያት ሳጥን ቤቱን ሙሉ ያበራል። ልጄ ሱቅ ውስጥ ቆማለች። ወፍራለች፣ ጉንጯ ሞልቷል፣ ለብሳው የማታውቀውን ቢጫ ቀሚስ ለብሳለች። ፀጉሯ ላይ አንዲት ክር የለም። ለደንበኛ ጨርቅ እየለካች ነበር። ሳጥኑ የእኔን ፊት ሲያይ ጨርቁን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች።

"እማ፣ በላሽ?"

ከሥራ ስትመለስ ጫማዋን ሳታወልቅ የምትለኝ ነገር ነው። አልበላሁም ልላት አፌን ከፈትኩ። የሐያት ልጆች እኔንና እሷን ቁጭ ብለው ያዩናል፤ ድራማው ሁለት ሆኖላቸዋል።

"መቼም አትበይም፣ አውቅሻለሁ" አለች ረድኤትና ሳቀች። ጭንቅላቷን ወደ ኋላ ጥላ፣ እንደልቧ፣ ረጅም ሳቅ ሳቀች። ሳሉን ጠበቅሁ። አልመጣም። ሳቋን ጨርሳ፣ ከንፈሯን በእጇ ጠርጋ አየችኝ።

ይህቺን ሴት አላውቃትም።

ሳሉ ግን መጣ፤ ከኋላዬ ነበር። ደረቅ፣ ከታች ከሆድ የሚነሳ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት የሚሰነጠቅ። ለዓመታት ከእንቅልፌ ያነቃኝ ሳል። ዞር ስል ሐያት ናት፤ አፏን በሻሽዋ ይዛ፣ ዓይኗን ከሳጥኑ ሳትነቅል ትስላለች።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኳት።

"ምኑ?"

"ሳልሽ።"

"ጉንፋን ነው።"

"የእሷም ጉንፋን ነበር።" ከሳጥኑ ፊት ቆምኩ። "አንቺ ስትሞቺ ማን ያውቅልሻል ሐያት? በማግስቱ ደሴ ሱቅ ትከፍቻለሽ።"

"ይተዉኝ እማማ ጥሩ" አለች፤ የሳጥኑንም ድምፅ ከፍ አደረገችው።

በሩ ላይ ስደርስ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። "የአምስተኛ ፎቋን ምንትዋብን መቼ ነው ያየሻት? ከእናንተ ጋር ክር የምትጠቀልለዋን።"

"ትላንት። የፍርድ ቤት ዳኛ ሆናለች።"

"በደረጃው ነው የምልሽ።"

ሐያት አሰበች። ሳጥኑ ያወራል፣ ልጆቹ ይስቃሉ፣ እሷ ታስባለች።

ወደ አምስተኛ ፎቅ ወጣሁ። የምንትዋብ ባል ሲሳይ ከፈተልኝ። ጥቁር ሸሚዝ ለብሷል፣ ጺሙ አድጓል። ከትከሻው በላይ ቤቱን አየሁት፤ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጥፏል፣ ሳጥኑ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ብርድ ልብስ ተጭኖበታል። የእኔን ቤት ነው ያየሁት።

"ምንትዋብስ?" አልኩት፣ እያወቅኩት።

"በጾሙ መግቢያ ነው ያረፈችው።"

"ማን ቀበራት?"

"እኔና ጋሽ እንድሪስ።" ረጅም ሰው ነው፣ በሩ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆሟል። "ጠብቄዎት ነበር እማማ ጥሩ። እርስዎ እንኳን አይቀሩም ብዬ።"

"ማን ነግሮኝ?"

"ሳጥኑ።"

ሳጥኑ ነግሮኝ ነበር። ያን ለት ምስር እለቅም ነበር፣ ረድኤት አጠገቤ እግሯን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሳጥኑ ላይ የወጣችው ረድኤት "ምንትዋብ አርፋለች፣ ቀብሯ ነገ ነው" አለች። አጠገቤ ያለችው ረድኤት "እማ እዪኝ፣ መርዶ ነጋሪ ሆንኩልሽ" ብላ ሳቀች፤ ሳቋም እንደ ልማዱ በሳል አለቀ። እኔም ስቄ ወደ ምስሬ ተመለስኩ።

ለሲሳይ ይህን አላልኩትም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ገባሁና ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ። ለምንትዋብ የመጣሁ የመጀመሪያዋ ለቀስተኛ እኔ ነበርኩ። እግዜር ያጽናህ አልኩት። እሱም ለእኔ አለኝ። ሁለታችንም ተራ በተራ አለቀስን፤ አንዱ ሲያለቅስ ሌላው "በቃ፣ በቃህ" እያለ። ብርድ ልብሱ ሥር ያለው ሳጥን በምንትዋብ ድምፅ ውሃ አምጡ ይለናል።

እሑድ ቅሬው ምድር ቤት ተሰበሰበ። ስለ አግዳሚዎቹ ጥገና ሲነጋገሩ ቆዩ። እጄን አላወጣሁም፤ ተነሳሁ። ሲሳይም ከጎኔ ተነሳ።

"ድንኳኑ ይተከል" አልኩ። "ለረድኤትና ለምንትዋብ። ሦስት ቀን እንቀመጣለን፣ በሦስቱ ቀን በዚህ ፎቅ ያለ ሳጥን ሁሉ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። የሞተ ሰው ያለበት አገር ቴሌቪዥን አይከፍትም። ይህን የማታውቁ ከሆነ እናቶቻችሁ አላሳደጓችሁም።"

"ሦስት ቀን ከጨለመ እኮ የሳጥኑ ባለቤቶች መጥተው ይወስዱታል" አለ ከኋላ ያለ ሰው።

"ይውሰዱት።"

"ለእርስዎ ቀላል ነው። የእኔ ልጆች ያለ እሱ እንቅልፍ አይወስዳቸውም" አለች አንዷ።

"እንግዲያው ተረት ንገሪያቸው፣ አፍ አለሽ አይደል።"

አንዳንዱ ሳቀ። ሐያት ግን ተነሳች። ዓይኗ ቀልቷል።

"ካጠፋነው እሷም አብራ ትጠፋለች" አለች። "እርስዎ ቀብረዋታል። እኔ ግን አልቀበርኳትም። ማሽኑ ጋ ስቆም ወደ ጎን ዞር እላለሁ፣ ሌላ ሰው ነው። ማታ ብቻ ነው የማገኛት። ለምን እሷንም ይወስዱብኛል?"

ያን ጊዜ ገባኝ። ሐያት ታውቃለች። በዚያ ቤት ውስጥ የተቀመጠው ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ የማስረዳቸው መስሎኝ ስዞር እነሱ ይሸሹኝ ነበር።

"የሚወዱትን ሰው ይቀብሩታል እንጂ ጣቢያ አያደርጉትም" አልኳት። "ደግሞስ ያችኛዋን አዳምጠሻት ታውቂያለሽ? አትስልም። ሳሏን ወስደውባታል። ልጄን የገደላት ያ የፋብሪካው ሳል ነው፣ እሱንም ነው የደበቁት። እስኪ ዝም በሉና አንድ ጊዜ እርስ በርስ ተደማመጡ።"

መጀመሪያ በስተግራ በኩል አንድ ሰው ሳለ። ከመስኮቱ ሥር ሌላዋ ሴት ቀጠለች። አንዱ ሊይዘው ሞክሮ አመለጠው። ሐያት ሻሽዋን አፏ ላይ አደረገች። ሳሉ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ዞረ፣ የአንዱ ሲቆም የሌላው ይነሳል። ሰው ቀና እያለ ማን እንደሆነ ያይ ጀመር። በሳጥኑ ውስጥ ማንም አይስልም፤ ሁሉም የጎረቤቱን ሳል ዛሬ ገና የሰማ ይመስላል።

እንድሪስ ጉሮሮውን ጠራረገ። "ጥሩ፣ እውነትሽን ነው። ግን ሰው ካልፈቀደ እኔ በግድ አላስለቅስም። እንደገና ለሳጥኑ እንነግረዋለን፣ ምናልባት በሌላ ሰው ድምፅ..."

ወደ እሱ ዞርኩ። አብረን ነው ያረጀነው፣ አላፍረውም።

"አንተና ሲሳይ ምንትዋብን ብቻችሁን ቀብራችኋታል። መንገድ መንገዱን አይተህ ማንም እንዳልመጣ ታውቅ ነበር። ያንን እያወቅክ የእኔንም ልጅ ለዚያው ሳጥን ሰጠሃት።"

ከዘራውን አየ። "አፍሬ ነው ጥሩ" አለ። "ቅሬው ሞተ ብዬ ለማን ልንገር?"

"ማፈርህን ለአላህህ ንገረው፣ እሱ ይሰማሃል። እኔ የምፈልገው ሌላ ነው። መጋዘኑን ክፈት፣ ድስቶቹን ወዲያ ግፋቸው፣ ጥሩምባውን አውጣ።"

"ኧረ ጥርስ የለኝም፣ በምን ልንፋው?"

"ጥርስ ለሥጋ ነው፤ ጥሩምባ ትንፋሽ ነው የሚፈልገው። እኔና አንተ ፋብሪካው ገብተን አናውቅም። በዚህ ፎቅ ሙሉ ትንፋሽ የቀረን እኔና አንተ ነን። ከላይኛው ደረጃ ጀምረህ ውረድ፣ በየበሩ ቁም፣ ሰው እስኪወጣ ንፋ። የሳጥኑ ድምፅ ቢበልጥብህ በከዘራህ በሩን ደብድበው። ሲወጡ ስም ጥራላቸው። መጀመሪያ ምንትዋብን ጥራ፣ ቀድማ የሞተችው እሷ ናት። ልጄን ቀጥለህ ጥራት፤ ተራ መጠበቅ አስተምሬያታለሁ። ተነስ እንድሪስ።"